ሁለት ቋጠሮ ሰማያዊ ነው

ሰኔ 24

ቁርጥ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ ነው ሰርጉ። የማገባው አናጢ እናቱን ይዞ መጣ፣ እትዬ ሻይ አፈላች፣ እኔ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። እናቱን እማማ ነው የምላቸው። "እኔ ከምራቴ ሌላ ነገር አልፈልግም" አሉ፣ "በእጇ የሠራችው ብርድ ልብስ ብቻ። ነጭና ሰማያዊ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰማያዊ እንደወደድኩ ነው።" እሺ እማማ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ደብተሩን የሰጠችኝ እህቴ ናት፣ እትዬ፣ ረድፍ ቁጠሪበት ብላ። እኔ ረድፍ በጣቴ ነው የምቆጥረው፣ እና የልቤን ልጻፍበት። ጽሑፌ አያምርም። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ሰሌዳው ላይ ያለው አይለይልኝም ነበር፣ አስተማሪው ሰነፍ ነሽ አለኝ፣ እኔም ለካ ሰነፍ ነኝ ብዬ ቀረሁ።

ደስ ብሎኛል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ፈርቻለሁም። ምን እንደፈራሁ ግን ዛሬ አልጽፈውም፣ ከጻፉት ይመጣል።

ሰኔ 26

ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። የእማዬ ክር ነው። እማዬ ሹራብ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፣ ከማሽን የተረፈውን ቁርጥራጭ እያመጣች እየቀጠለች ስትጠቀልል ስትጠቀልል ጆንያ ሞላች፣ እሱ ሲሞላ ሌላ ጆንያ። እትዬ "ይሄ ቤት የሰው ነው የበግ?" ትላት ነበር። እማዬ ከሄደች ወዲህ ማንም አልነካውም። ስከፍተው ሽታዋ መጣ፣ ፊቴን ከትቼ ቆየሁ።

እማዬ መጨረሻ ላይ ዓይኗ እምቢ ብሏት ነበር። በአንዴ አይደለም። ቀስ እያለ፣ እንደ ምሽት። ስለዚህ እያንዳንዱ ልቃቂት ውሉ ላይ ቋጠሮ አለው። ምንም ከሌለው ነጭ። አንድ ቋጠሮ ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሦስት አረንጓዴ፣ አራት ቡናማ። ይሄን ለእኔ ብቻ ነው ያስተማረችኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ዓይኔን በሻሽ ታስርና "ሚጣዬ፣ ይሄስ?" ትለኛለች፣ እኔ በጣቴ ዳስሼ "ቀይ!" ስል ትስመኛለች። እትዬን እንደዚህ አጫውታት አታውቅም። እኔን ስለምታበልጥ ነው፣ የመጨረሻ ልጅ ነኛ።

ሐምሌ 2

አምፖሉ ደክሟል። ለእትዬ ነገርኳት፣ ከላውንደሪ ስትመጣ አዲስ ይዛ መጣች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ውላ ወንበር ላይ ቆማ ቀየረችልኝ።

"አሁንስ?"

"ይሄማ ከፊተኛው ባሰ። ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሚሸጡት።"

ከወንበሩ ሳትወርድ አየችኝ።

"ምን ታይኛለሽ?"

"ምንም። ቆንጆ ነሽ" አለች።

እትዬ ቆንጆ ነሽ ብላኝ አታውቅም።

ሐምሌ 5

ደግሞ ብርጭቆ ሰበርኩ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ማን አስቀመጠው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። "ዓይንሽን ገበያ ጥለሽው መጣሽ እንዴ?" አለች እትዬ፣ ከዚያ ወዲያው አፏን ያዘች። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን፣ ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ ነው የምንላት፣ "ተዪያት! ሙሽራ ብርጭቆ ካልሰበረች ፍቅር አልያዛትም!" ብላ ጮኸች። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ሐምሌ 9

ከአናጢው ጋር ወጣን። ሲመሽ ነው የመጣው፣ እኔ ደግሞ ሲመሽ መውጣት አልወድም፣ ግን ምን ሰበብ እሰጣለሁ። የመንገዱ መብራቶች ሲበሩ እያንዳንዳቸው ዙሪያቸውን ቀለበት ሠሩ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣ መንገዱ ሁሉ ዳንቴል መሰለኝ፣ ሰማይ ላይ የተሰጣ። ያምራል ስለው "ምኑ?" አለኝ። ከመብራቶቹ በታች ግን ምንም የለም። ጥቁር። ክንዱን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

"ሰው ያየናል እኮ።"

"ይየና።"

"አንቺ ዓይን አውጣ!" ብሎ ሳቀ። ደስ አለው፣ በክንዱ ታወቀኝ።

ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ሆን ብዬ ነው አልኩት። እሱም ተከትሎኝ ገባ፣ እንደ ልጅ አንቦጫረቅን። ቤት ስገባ አለቀስኩ። እግሬ በርዶኝ ነው።

ሐምሌ 13

ሰማያዊው አይበቃም ብዬ ሌሊቱን በሐሳብ አድሬ ነበር። ከላይ ከላይ ስዳስስ አንድ ወይም ሁለት ልቃቂት ነው ያገኘሁት፣ ሌላው ውሉ የጠፋበት፣ የተተበተበ። ዛሬ እትዬ ዕረፍት ነበረች። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ወረፋ ይዤ ቆይቼ ስመለስ ጆንያው እንደ ሱቅ ተደርድሯል! የተተበተበው ሁሉ ተፈቶ፣ ድብልብል ተደርጎ ተጠቅልሎ።

"ልክ እንደ እማዬ ነው ያስቀመጥኩልሽ" አለችኝ። ጣቷ ቀልቷል። አቅፌ ሳምኳት፣ ገፋ አደረገችኝ፣ እትዬ መሳም አትወድም።

ከዚያ እጄን ሰደድኩ። ሁለት ቋጠሮ። ሌላ አነሳሁ፣ ሁለት። ሌላ፣ ሁለት። አቤት እማዬ፣ ስንት ሰማያዊ ትተሽልኝ ነው የሄድሽው! ከሥር ከሥር ኖሯል የደበቅሽው። ለዓይኔ በዚህ ጭጋግ ጠቆር ያለ ክር ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ፣ ጣቴ ግን ያውቃል። ጣቴን ነው የማምነው።

ሐምሌ 14

ሠራሁ ቀኑን ሙሉ። አንገቴ። ጊዜ የለም ለመጻፍ። ሰማያዊ ሰማያዊ ሰማያዊ።

ሐምሌ 20

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የማሽን ድምፅ ይመስላል፣ እማዬ የምትሠራበት ቤት እንደዚህ ነበር የሚጮኸው ትለን ነበር። መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ብርሃን እስካለ ድረስ እጄን አየዋለሁ፣ ከዚያ እጄ ብቻውን ይሠራል። ኪሮሹ ይገባል፣ ክሩን ይስባል፣ ይወጣል። ይገባል፣ ይስባል፣ ይወጣል። ቆይቶ ቆይቶ እኔ የለሁም፣ እሱ ብቻ ነው ያለው። ብርድ ልብሱ ከጉልበቴ ወርዶ እግሬን ሸፈነው፣ እግሬ ባሕር ውስጥ የገባ መሰለኝ፣ ባሕር አይቼ አላውቅም ግን ማለቂያ የለውም ይላሉ። አንዱ ልቃቂት ሲያልቅ ሌላ ሰማያዊ እቀጥላለሁ። ሰማዩን ከጆንያ እየጎተትኩ ማውጣት ነው። ለማንም አላሳየሁም። ሲመሽ ትራስ ጨርቅ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ያላለቀ ሥራ አይታይም ትል ነበር እማዬ። እትዬ በጠዋት ትወጣለች በጨለማ ትገባለች፣ ገብታም ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው አንዳንዴ።

ጎኔን ላሳርፍ ብዬ በቀን እንቅልፍ ወሰደኝና እማዬን አየኋት። ኪሮሽ ይዛለች። ክሩ የሚመጣው ከዓይኗ ነው። ቀጭን፣ የሚያበራ ክር፣ ከዓይኗ እየወጣ እጇ ላይ ይጠቀለላል፣ አያማትም። እማዬ እንዳያልቅ አልኳት። "አያልቅም፣ ይጠቀለላል እንጂ" አለችኝ። "ያዢልኝ።" ያዝኩላት። ሞቃት ነበር። ስነቃ እጄ ላይ የራሴ ክር ነው።

እንግዲህ ልጻፈው። እንደ እማዬ እንዳልሆን ነው የምፈራው። ከሆንኩ አናጢው ይተወኛል። ማን የሰው ልጅ ጨለማ ያገባል። ግን እኔ ደክሞኝ ነው፣ ሲደክም እንደዚህ ያደርጋል፣ ሬዲዮም ሲደክማት ይፈዝባታል። ጠይቄያታለሁ።

ሐምሌ 27

መብራት ጠፍቷል። የሰፈሩ በሙሉ። ሳላይ ነው የምጽፈው፣ መስመሩ ይጣመም። እትዬ ሻማ ፍለጋ ወንበር ገጭታ ተሳደበች፣ እኔ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ሄጄ መሳቢያውን ከፍቼ ሰጠኋት። ዛሬ ማታ ከሰው እኩል ነኝ። እንደዚህ ምነው በቆየ ብዬ ተመኘሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየተደናቀፈ። ክፉ ነኝ።

ነሐሴ 3

አለቀ። አልጋውን ይሸፍናል፣ ይተርፋል። ጠርዙን ዙሪያውን በነጭ ዘጋሁት። ፊቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ፣ ከውስጡ ሆኜ ስተነፍስ ሰማይ ውስጥ ነኝ።

ነሐሴ 6

እማማ መጡ። ሳይነግሩን። ሬዲዮም ተከትላቸው ገባች፣ ማን ጠራት። እትዬ ግቢ ልብስ ታሰጣ ነበር።

"እስኪ የልጄ እጅ ሥራ ይታይ" አሉ።

ዘረጋሁት። አልጋው ላይ፣ ጫፉን በእጄ አስተካክዬ። ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም ከደስታ ነው ብዬ ነበር፣ አይ እኔ።

"ውይ፣ አዲስ ፋሽን ነው?" አለች ሬዲዮ። "አረንጓዴው ከቡናማው፣ ቀዩ ከመሐል፣ ልክ ዛፍ የወደቀበት ግቢ!"

እማማ ከጆንያው ልቃቂት አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡ። "ይሄ ምን ቀለም ነው ልጄ?"

ዳሰስኩት። ሁለት ቋጠሮ። "ሰማያዊ።"

"ይሄስ?"

"ሰማያዊ።"

"ይሄኛውስ?"

ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ አቀረብኩት፣ አራቅኩት። ጠቆር ያለ ነገር ነው። "ሰማያዊ ነው እማማ።"

እትዬ በር ላይ ደርሳ ኖሯል። "ወይኔ ጉዴ" ስትል ሰማኋት፣ ቀስ ብላ።

እማማ ጉንጬን ዳበሱኝ። "ይሁን፣ አትጨነቂ። ብርድ ቀለም አይመርጥም" አሉኝ። ልቤ መለስ አለ፣ ደግ ሰው ናቸው አልኩ። ሲወጡ ግን ግድግዳው ስስ ነው፣ ለሬዲዮ ሲነግሯት ሰማሁ። "ልጄ ሚስት ሊያገባ ነው ወይስ ምርኩዝ ሊሆን?"

ነሐሴ 7

እትዬ ሥራ አልሄደችም። እትዬ ትኩሳት ይዟት እንኳን ሥራ ቀርታ አታውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ ታያለች።

"ቋጠሮው ትርጉም ነበረው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ለጌጥ መስሎኝ ነው። እማዬ ውሉ እንዳይፈታ የምታስረው መስሎኝ፣ ነጩ ላይ ቋጠሮ ስላላየሁ ተውኩት፣ ሌላውን ሁሉ ሁለት ሁለት ቋጠርኩት፣ እኩል ይሁን ብዬ።" ፊቷን ሸፈነች። "ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?"

እኔ መልሱን አውቀው ኖሯል፣ ማወቄ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሷ ራሷ መለሰችው። "አንቺ ላይ አይታው ነዋ። በዚያ ዕድሜሽ።"

ከዚያ እንባዋን በቀሚሷ ጠረገችና ተነሳች። "ስሚኝ ሚጣ። ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ክሩን እኔ ነኝ የቀላቀልኩት፣ መብራት አልነበረም፣ እሷ በእኔ አምና ሠራች፣ ስትጠይቋት ደግሞ ደንግጣ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም እኮ! ያምኑኛል። ታገቢያለሽ። ካገባሽ በኋላ የሆነው ይሆናል፣ ሰው የማይለምደው የለም።"

"እሱስ?"

"እሱ ወንድ ነው፣ ጉልበት አለው። ይምራሽ።"

"አንቺ አለሽልኝ አይደል?"

የጆንያውን አፍ አሰረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እኔን ሳታየኝ፣ "እማዬን የመራኋት እኔ ነኝ። ጠያቂ የጠፋ መስሎሽ ነው ያላገባሁት? ደክሞኛል ሚጣ" አለች። ወዲያው ደግሞ አቀፈችኝ፣ አጥንቴ እስኪሰማኝ፣ እግዜር አይስማኝ እግዜር አይስማኝ እያለች።

እትዬ ቆማ ስትተኩስ ስለምትውል ነው የሚደክማት። እግሯ ያብጣል። ውሃ አሙቄ አጠብኩላት።

ነሐሴ 9

ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። መብራት ዓይኔ ውስጥ አበራ፣ ወርቅ የመሰለ ትልቅ አበባ አየሁ፣ ቆንጆ ነበር። ከእናት የወረደ ነው አለ። መድኃኒት የለውም። ጭራሽ የሚጠፋው ዘንድሮ ነው ወይስ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሱን መናገር አልችልም አለ። እሺ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ አልኩት። ደረጃው ላይ ስንደርስ ምኑን ነው ያመሰገንኩት ብዬ ቆምኩ፣ እትዬ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሰው እያለፈን ቆመን ሳቅን።

ነሐሴ 11

እትዬ ተናግራለች። እማማ አመኗት። "እኔም ክፉ ነገር አስቤ ነበር፣ ይቅር በለኝ" አሉ አሉ። ሰርጉ አለ። ሬዲዮም ወሬውን ይዛ ዞራለች፣ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ስለሌለ ነው ይላል።

ሁሉ ነገር ደህና ሆነ። እህል ግን አልወርድ አለኝ።

ነሐሴ 12

ብቻዬን ሄድኩ። ቀትር ላይ፣ ብርሃን ሳለ፣ ግድግዳ ግድግዳውን። አናጢው የሚሠራበት እንጨት ቤት ስደርስ ሳንቃ ይልግ ነበር፣ መላጊያው ሽው ሽው ይላል፣ ፍቅፋቂው እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሙሽሪት! ብሎ ተነሳ። ቁጭ በል አልኩት። አልተቀመጠም።

"ዓይኔ እየሄደ ነው" አልኩት።

"የት?"

"የት እንደሚሄድ እኔ ምን አውቄ! የእናቴ የሄደበት ነዋ።"

እንደዚህ ነው የተናገርኩት፣ ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶ። ክሩንም ቋጠሮውንም እትዬን እንዳይቀየምም፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እሱ መስኮቱን ከኋላው አድርጎ ቆሟል፣ ፊቱ ጥቁር ነው፣ ይቆጣ ይዘን አይታየኝም።

"የሆነ ነገር በል፣ ፊትህ አይታየኝም" አልኩት።

መላጊያውን ሲያስቀምጥ ተሰማኝ። "ያኔ ማታ" አለ፣ "ክንዴን ጥርቅም አድርገሽ የያዝሽኝ፣ መንገዱ ስላልታየሽ ነው?"

"አዎ።"

"እና እኔ ደግሞ…" አለና ተወው።

"መጀመሪያ ላይ ስላልታየኝ ነው። በኋላ በኋላ ግን ልለቅህ ስላልፈለግኩ ነው።"

ስወጣ መላጊያው አልተሰማኝም። ጥግ እስክታጠፍ ድረስ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፣ አልተሰማኝም።

ነሐሴ 15

አልመጣም። እትዬ አላናገረችኝም። "አፍሽን መርፌ ቢሰፋው" ብቻ ነው ያለችኝ። ልክ ናት።

ነሐሴ 18

አልመጣም። ሬዲዮ አይታዋለች፣ ሌሊት ሌሊት ይደበድባል አለች፣ ምስማር ነው፣ አልጋ ሠርቶ ለሌላ ሊሸጥ ነው መሰለኝ አለች። በግድግዳው በኩል ተዪኝ ብዬ ጮኽኩባት። ጮኼ አላውቅም። ቆይታ ዳቦ ይዛ መጥታ በር ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ምን ነበር ዝም ብል። እትዬ ታርፍ ነበር።

ነሐሴ 23

ዛሬ ነው የመጣው። ራሱን እንኳን አላበጠረም። "ኑ፣ ቤቱን እዩት" አለ፣ ለእኔም ለእትዬም። ሌላ ቃል የለም። እትዬ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች።

ቤቱ ከእንጨት ቤቱ ኋላ ያለው ክፍል ነው፣ ስንጋባ የምንኖርበት። እማማ በር ላይ ቆመዋል። "ኧረ ልጄን አስታምሙልኝ" ይላሉ፣ "ጠረጴዛ ይቸነከራል? ወንበር ይቸነከራል? እንግዳ ሲመጣ ወንበር ልሳብ ቢል ምን ሊባል ነው?"

"ወንበሩ ወዳለበት ይምጣ" አለ አናጢው።

ሁሉን ነገር ወለሉ ላይ ቸንክሮታል። አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ወንበሮቹን፣ የውሃውን ማስቀመጫ። የመደርደሪያውን ጠርዝ ሁሉ ልጎ አክብቦታል። እጄን ይዞ ጣቴን አስነካኝና ለቀቀኝ። ከዚያ እንደሚቸግረው ሰው ነው የተናገረው።

"የዘገየሁት ስላኮረፍኩ ነው መጀመሪያ። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ አሰብኩ። እኔ መናገር አላውቅም፣ መቸንከር ነው የማውቀው። ዕቃ ቦታውን ካልለቀቀ አትወድቂም። ሌላውን አላውቅም። ሌላውን እኔም እፈራለሁ።"

"እኔም" አልኩ።

"በይ ሂጂ እስኪ።"

እየመሸ ነበር። ሄድኩ። ከበሩ አልጋው፣ ከአልጋው ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛውን በጭኔ ገፋሁት፣ ንቅንቅ የለም። ሁለተኛ ስዞር እጄን አልዘረጋሁም። ማንም እጄን አልያዘኝም። ሦስተኛ ስዞር ከሆነ ነገር ጋር ተጋጨሁ፣ ትንፋሽ አለው።

"ይሄስ አልተቸነከረም?"

"እሱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው" አለ፣ "እንዳትመቺው እያፏጨ ይሄዳል።" ማፏጨት አይችልም፣ ንፋስ ብቻ ነው የወጣው። እማማ ሳይወዱ ሳቁ። "ከሁለታችሁ ማን ማንን እንደሚመራ እናያለን" አሉ፣ ልባቸው ግን አልቆረጠም ነበር፣ አሁንም አልወደዱትም፣ አውቃለሁ።

እትዬን እንዴት ነው ልላት ዞርኩ። ትንፋሿ ተሰማኝ፣ ቀረብ ብዬ አየኋት። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷታል። ከነነጠላ ጫማዋ። እንደዚህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም፣ እትዬ ስትተኛ እንኳን አንድ ጆሮዋ እኔ ጋ ነው።

እማማ ሊቀሰቅሷት ሲሉ ተዉአት አልኳቸው። ልብሴን በእጄ ሰብስቤ፣ በጨለማው፣ በአጠገቧ አለፍኩ። አልነካኋትም።